ሰው ያልሞተበት ወር

እፀገነት ክፉ ዜና ቁጭ ብላ አትሰማም። የብስራተ ገብርኤሉ ሕንፃ ደብዳቤ የደረሳት ዕለትም ቆማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና «እሺ፤ ገባኝ» ብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደብዳቤው ብዙ ምስጋና ነበረበት። ምስጋና የበዛበት ደብዳቤ መጨረሻው እንደማያምር ለማወቅ ደግሞ እንደ እሷ አሥራ አንድ ዓመት በጽዳት ሥራ መኖር አያስፈልግም። ሕንፃውን የገዙት አዲሶቹ ባለቤቶች የራሳቸው የጽዳት ሠራተኞች አሏቸው። ከሁለት ወር በኋላ የእፀገነት ሴቶች መወልወያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

የእፀገነት ድርጅት ሲባል ስሙ ይከብዳል እንጂ፣ መካኒሳ አቦ ባለው ግቢዋ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የወለል ማሽን፣ የባልዲ ድርድርና ሰማያዊ ጋውን የሚለብሱ ሰባት ሴቶች ናቸው። ከሰባቱ አራቱ እንጀራቸውን የሚበሉት ከዚያ ሕንፃ ነው። የቀሩት ሦስቱ ጎፋ አካባቢ ሁለት ክሊኒክና አንድ መዋዕለ ሕፃናት ያጸዳሉ። ስለዚህ ሕንፃው ሄደ ማለት አራት ሴቶች ሄዱ ማለት ነው። እፀገነት ደግሞ ድርጅቱን ያቋቋመች ቀን፣ ገና ሁለት ሠራተኛ እያላት፣ «እኔ ጋ የገባ ሰው በራሱ ፈቃድ ካልሆነ አይወጣም» ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች። እስካሁን ቃሏን አላጠፈችም። አሁን ቃሏን ለመጠበቅ ሁለት ወር ቀራት።

«በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ብዬሽ ነበር» አለ ሲራክ።

ሲራክ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ፣ የሰው ችግር ሲሰማ ዓይኑ የሚበራ ሰው። በዚያው ሳምንት ሦስት የውኃ ላስቲክ ሙሉ አረንጓዴ ፈሳሽ ይዞ መጣ። ሳሙና ነው። ራሱ ነው የሠራው። የእፀገነትን ባልዲ ተቀብሎ ጨመረና በእጁ ቢያማስል ቢያማስል አረፋ የሚባል ነገር እምቢ አለው።

«ትንሽ ጨው በዝቶበት ነው» አለ።

«ሲራክዬ፣ በዚህ ከተማ ሳሙና የማይሠራ ሰው ቀርቷል? እንጀራ ቸርቻሪዋ ትሠራለች፣ ጎሚስታው ይሠራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ፤ እኔ ገና አልጨነቀኝም።»

ምንጣፍና ሶፋ ማጠብም አሰቡ። ይኼኛው ደህና ሐሳብ ነበር፤ እፀገነት ሁለት ቀን ሙሉ አገላብጣ አየችው። ማሽኑ ውድ ነው፤ እሱስ ይሁን። ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ግንቦት አልቆ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ አጥባ የት ታሰጣዋለች? ክረምቱን ሙሉ የሰው ምንጣፍ ግቢዋ ውስጥ ሲሸት ታያት። ተወችው። ሲያቅታት ሳይሆን ስታውቅ ነው የምትተው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እፀገነት የማትችለውን ነገር ስትቆጥር ፊቷ አይጠቁርም፤ አንዱን ሰርዛ ወደ ሌላው ትሄዳለች።

«በቀለች ዛሬም አልመጣችም?» አለ ሲራክ ሳሙናውን እየሰበሰበ።

«ልቅሶ አለብኝ ብላ ደወለች።»

«በዚህ ወር ስንተኛዋ ነው?»

«ሦስተኛዋ። የዚህ ሰፈር ሟች ሁሉ የእሷ ዘመድ ነው መሰለኝ።»

በቀለች ከሰባቱ በዕድሜ ትልቋ ናት፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ያኔ በመጀመሪያው ቀን ከነበሩት ሁለት ሴቶችም አንዷ እሷ ነበረች። ሥራዋ አይነቀፍም። የእሷን ወለል በነጭ ካልሲ ብትሄዱበት ካልሲው ነጭ እንደሆነ ይወጣል። ግን ትቀራለች። ስትቀር ምክንያቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልቅሶ።

«መቀነስ ካለብሽ ከማን እንደምትጀምሪ እግዜር ራሱ እያሳየሽ ነው» አለ ሲራክ።

እፀገነት ነገሩ ገባት። አንድ ቀን ብቻ ትድገመኝ፣ አለች በልቧ፤ ከዚያ በኋላ በራሷ ፈቃድ እንደወጣች እቆጥረዋለሁ።

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ከቤቷ አራት አጥር አልፈው የሚኖሩት ጡረተኛው የከባድ መኪና ሹፌር አቶ ዋቅቶላ አረፉ። በቀለችም በማግሥቱ አልመጣችም። እፀገነት ስልኩን ዘግታ «በቃ» አለች። ምሳ ሰዓት ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ልቅሶ ልትደርስ ወጣች። ሁለቱን ነገር በአንድ ጉዞ ልትጨርስ ነው፤ ቤተሰቡን ታጽናናለች፣ በቀለችንም ካገኘቻት ነገ መጥተሽ አነጋግሪኝ ትላታለች።

እፀገነት የሰፈሩ እድር አባል ናት፤ መዋጮዋን አንድም ወር አሳልፋ አታውቅም። የሴቶቹ የሥራ ተራ ላይ ግን ከተገኘች ዓመታት አልፈዋል። ተራዋ ሲደርስ ሥራ ላይ ናት፤ ስለዚህ የቀሪ ቅጣቱን በስልክ ትልካለች፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ድንኳን ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች፣ ንፍሮ ትዘግናለች፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብላ ትወጣለች። ከድንኳኑ በስተጀርባ ምን እንደሚሠራ ካየች ስድስት ዓመት አልፏታል።

የዚያን ዕለት ግን ወደ ጓሮ ዞረች።

በቀለች ሦስት ሳፋ ፊት ለፊቷ ደርድራ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ሰሃን ታጥባለች። አንዱ ሳፋ ለማስለቀቂያ፣ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። እጀታቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡት የፍስክ ድስቶች ወዲያ፣ ያልተቀቡት የጾም ድስቶች ወዲህ። ዕለቱ ዓርብ ነውና የተሠራው በጾሙ ነው። ለብቻዋ ናት። ጎኗ ላይ የሰሃኑ ቁልል ወገቧ ድረስ ደርሷል።

«እትዬ በቀለች፣ ሟቹ ምንሽ ናቸው?» አለች እፀገነት። ድምጿ ሲወጣ እሷ ካሰበችው በላይ ደረቀ።

«ምኔም አይደሉም። ነፍስ ይማር፤ ደግ ሰው ነበሩ።»

«ምንሽም ላልሆነ ሰው ነው ሥራ የምትቀሪው?»

በቀለች እጇን ከውኃው አወጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች፣ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች። ሊያስቆጣት የሚችል ፈገግታ አልነበረም።

«የዛሬው ተራ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ ልጄ።»

በቀለች ሳፋው ላይ እንደተጎነበሰች ነገሩን አስረዳቻት። ሥራ የሚገቡት የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እንደ እሷ ቅጣት ይልካሉ። ቅጣት ደግሞ ሰሃን አያጥብም። የሴቶቹ ኮሚቴ በቀለችን ለምኖ ያልመጡትን ሁሉ ተራ እንድትሸፍን አደረገ፤ ከተሰበሰበው ቅጣትም በየወሩ መጨረሻ ትንሽ ነገር ይሰጣታል። ይህ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። እፀገነት ልታባርራት የመጣችው ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ የራሷን የእፀገነትን ሰሃን ስታጥብላት ኖራለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? የምቀረው አንቺ ስለማትመጪ ነው ልበልሽ? ታፍሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

አፈረች። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። ግን እፀገነት እፍረት ላይ ብዙ የምትቆይ ሴት አይደለችም፤ ዓይኗ ወዲያው ወደ ሥራው ዞረ። ድንኳኑን ቀና ብላ አየች፤ ጣራው ላይ ያምናው ክረምት ሻጋታ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። ምንጣፎቹ እርጥብ እንደሆኑ ተጠቅልለው አጥሩ ሥር ተጥለዋል። ብርጭቆው ግማሹ ጠርዙ ተሸርፏል። እሱን ሁሉ የሚይዝ ሰው የለም፤ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ ይነቅላሉ፣ ሴቶቹ ቅጣት ይከፍላሉ፣ በቀለች ሰሃን ታጥባለች። ይህ ደግሞ አንድ እድር ብቻ ነው። ከመካኒሳ እስከ ጎፋ ስንት እድር አለ?

«ይኼ እኮ ሥራ ነው!» አለች ጮክ ብላ።

ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው «እሽሽ!» አለ።

ጋውኗን ባታመጣም እጅጌዋን ሰብስባ ከበቀለች ጎን ቁጭ አለች። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ተራዋን አጠበች። እጇ ሲያጥብ አእምሮዋ አላረፈም፤ ሰሃኑ ሲያልቅ ሐሳቡም አለቀላት።

ቅዳሜ ከሲራክ ጋር ተቀምጠው ለእድሩ ማመልከቻ ጻፉ። እፀገነት ማመልከቻ መጻፍ ታውቅበታለች፤ ስንት ሕንፃ በወረቀት ነው የያዘችው። ሰሃንና ድስት ማጠብ፣ ድንኳን ማጽዳትና ማድረቅ፣ ምንጣፍ ማራገፍ፣ ሁሉም በአንድ ቀብር ይህን ያህል ተብሎ ተጻፈ። ሕንፃ ላይ ሁልጊዜ እንደምታደርገው መጨረሻው ላይ ማባበያ ጨመረችበት፤ እድሩ የአምስት ቀብር ውል ከገባ ስድስተኛው በግማሽ ዋጋ ይሠራል። ሲራክ ይህን ሲጽፍ «ጎበዝ!» አለ። ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ደግመው አነበቡት፤ አንዳቸውም ምንም አልታያቸውም።

ማታ በቀለች መጣች፤ እፀገነት ወረቀቱን ሰጠቻት። በቀለች ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው።

«ስድስተኛው ማን ነው?» አለች።

«ማንም ይሁን። ግማሽ ዋጋ ነው።»

በቀለች ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት።

የእድሩ ስብሰባ የሚውለው በቀጣዩ እሑድ ነው። በመሐል ረቡዕ ዕለት፣ እፀገነት ከጎፋ ስትመለስ ጉልት ላይ ቲማቲም እየመረጠች ሳለ፣ እማማ ማሚቴ ታመው ተኝተዋል ሲባል ሰማች። እማማ ማሚቴ ሰማንያውን የተሻገሩ፣ ከቤቷ ጀርባ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እፀገነት መወልወያ ይዛ የሰው ቢሮ ማጽዳት ስትጀምር ሁለቱን ልጆቿን አዝለው ያሳደጉላት እሳቸው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል። እማማ ማሚቴ ቢሞቱ አንድ ድንኳን አይበቃም።

ሁለት ድንኳን፣ አለ አእምሮዋ። ቢያንስ አራት መቶ ሰሃን።

ቲማቲሙ ከእጇ ወደቀ። ሐሳቡ ዓይን እንደመጨፈን ያህል እንኳን አልቆየም፤ ግን መጥቷል። ደስ የማለት ነገርም ነበረበት። እፀገነት ራሷን አትዋሽም፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ደስ ብሏት ነበር። ፈራች። ቲማቲሙን ሳትገዛ በቀጥታ እማማ ማሚቴ ቤት ሄደች፤ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ስታሻቸው አመሸች። ጉንፋን ነበር። በማግሥቱ ተነሡ። እፀገነት ያችን ቅጽበት ለማንም አልተናገረችም፤ ሥራ ስለሆነ ነው፣ ሐኪምም እንዲህ ያስብ ይሆናል እያለች ራሷን ስታባብል ሰነበተች።

እሑድ የእድሩ የቆርቆሮ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሁንዴሳ ጡረተኛ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ወረቀት ሲያነቡ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው ቃል በቃል ነው የሚያነቡት። የእፀገነትን ማመልከቻም እንደዚያው ጀመሩት። ሰሃኑ ላይ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ድንኳኑ ላይ «እውነቷን ነው፣ ሻጋታው ሰው ሊጨርስ ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። እፀገነት ቀና ብላ ተቀመጠች። ሲራክ ከኋላ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«እድሩ የአምስት ቀብር ውል ከገባ…» አሉ አቶ ሁንዴሳ። ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «…ስድስተኛው በግማሽ ዋጋ።»

አንዲት ሴት አማተበች።

ፊት ለፊት ከተቀመጡት መካከል እማማ ማሚቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ድምፃቸው ላይ ጉንፋኑ ገና አለ።

«እፀገነት ልጄ፣ አምስቱ እነማን እንደሆኑ አስበሻል? እንድናውቅና ከወዲሁ እንድንሰናበት ብዬ ነው።»

ሳቅ መጣ፤ ግን አፍንጫ ላይ የሚቀር ሳቅ ነበር። እፀገነት ተነሣች። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የእሷ አፍ የዚያን ቀን ከዳት።

«አይ እማማ! ቅናሹ እኮ ብዙ ሰው ከሞተ ነው…»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። አንዱ «ሞት ልትመኝልን ነው እንዴ?» አለ፤ ሌላው «እኛ በሞትን ቁጥር ልትከብር ነው!» አለ፤ የአቶ ዋቅቶላ ባለቤት በጥቁር ልብሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እፀገነትን ያሳመማት ይኸኛው ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር። ቁጭ አለች። ክፉ ነገር ቁጭ ብላ ስትሰማ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

የሰደቧት ሰዎች አልነበሩም የከበዷት። የከበዳት እውነት መናገራቸው ነው። ጉልት ላይ ቲማቲም በእጇ ይዛ አራት መቶ ሰሃን የቆጠረችው እሷው ናት።

«እኔ ልናገር» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። በቀለች ነበረች። በቀለች በስብሰባ ተናግራ አታውቅም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ስድስት ዓመት የእናንተን ሰሃን አጥቤያለሁ» አለች። «ኮሚቴው ይመስክር። አንድ ቀን በሟች ተከፍሎኝ አያውቅም። በወር ነው የሚሰጡኝ። አምና ኅዳር ላይ ሰው አልሞተም፤ እግዜር ይመስገን፤ ተሰጠኝ። ያን ወር ዕቃ ቤት ገብቼ ድስቱን ሁሉ በአመድ ፈተግሁ፣ ቀለሙ የለቀቀውን ቀባሁ፣ የጠፋውን ማንኪያ አስመለስኩ። ሰው ሳይሞት የሚሠራው ነው የሚበዛው። በሟች ቢከፍሉኝ ኖሮ…» ቆም አለች። «በሟች ቢከፍሉኝ እናንተን በሰላም ቀን ሰላም ማለት ያቅተኝ ነበር።»

ተቀመጠች። እፀገነት ዞር ብላ አየቻት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ማለት ይህ ነው። እሷ በአሥራ አንድ ዓመት ያልገባትን ነገር በቀለች ከሦስት ሳፋ አጠገብ ቁጭ ብላ ጨርሳዋለች።

እፀገነት እንደገና ተነሣች። አሁን እጇ ወገቧ ላይ አልነበረም።

«ጋሼ ሁንዴሳ፣ ወረቀቱን ይስጡኝ» አለችና ተቀብላ ሁለት ቦታ ቀደደችው። «ረቡዕ ዕለት እማማ ማሚቴ ታመዋል ሲሉኝ ሰሃን ቆጠርኩ። እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን፣ ልጆቼን ያዘሉልኝን፣ በሰሃን ቆጠርኩዎት። በቀብር ብትከፍሉኝ የምሆነው ይህን ነው፤ ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፣ ሥራው ክፉ ስለሚያደርገኝ ነው። ግን ሥራውን እችለዋለሁ። ከእኔ በላይ የሚችለው የለም፤ በቀለች ትበልጠኛለች፣ እሷ ደግሞ እኔ ጋ ናት። በወር ክፈሉኝ። ሰው ሲሞት ሰሃኑ ከሠልስቱ በፊት ታጥቦ ዕቃ ቤት ይገባል። ሰው ሳይሞት ድንኳናችሁ ይታጠባል፣ ይጠገናል፣ ክረምት ሲሆን ሳይሻግት ያድራል። ሰው ያልሞተበት ወር ለእኔም የእፎይታ ወር ይሁን።»

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ከመሐል አንድ ሰው፣ ገንዘብ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚነሣው ሰው፣ «ሰው ሳይሞት ለምን እንከፍላለን?» አለ።

አቶ ሁንዴሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ለዚህ እድር ስንት ዓመት ከፈልክ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ታዲያ መቼ ሞተህ ነው?»

የአሁኑ ሳቅ ከሆድ የወጣ ነበር። የአቶ ዋቅቶላ ባለቤት ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። የስድስት ወር ሙከራ ይሁን ተባለ፤ እጅ ተቆጠረ፤ አለፈ።

እማማ ማሚቴ ግን እጃቸውን አላወጡም ነበር። ሰው ሲበተን እፀገነትን በከዘራቸው ጠሩዋት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ግን አለ። የእኔ ቀን ሲደርስ ያንን ሰማያዊ ጋውን ለብሰሽ እንዳትመጪ። የእኔን ሰሃን በደመወዝ አታጥቢም። ነጠላሽን አስረሽ እንደ ልጅ ታጥቢያለሽ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ እማማ።»

«ማይልኝ።»

«እርስዎ ይሙቱ!» አለች እፀገነት፤ ካፏ ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። እማማ ማሚቴ በሳቅ ከዘራቸውን ጣሉ።

የሕንፃው ሁለት ወር ሐምሌ ላይ አለቀ። አራቱ ሴቶች መወልወያቸውን ይዘው ወጡ፤ ወደ ቤታቸው ግን አልሄዱም። አቶ ሁንዴሳ የሌሎቹን እድሮች ዳኞች ያውቃሉና ወሬው በመካኒሳ ዞሮ ጎፋ ደርሶ ነበር። በክረምቱ መጨረሻ አምስት እድሮች ውል ገብተዋል። አንዱ እድር የሚከፍለው ከሕንፃው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ግን አምስት ናቸው። አንዱ ነገ «በቃን» ቢል አራቱ አሉ። ሲራክ ይህን ሲያይ «ምሰሶ ማለት ይህ ነው» አለና ሐሳቡን የራሱ አደረገው፤ እፀገነትም ተወችለት። ሳሙናውም በመጨረሻ አረፋ አወጣ፤ ድስት መፈተጊያ ሆኖ ያገለግላል።

የእድሮቹን ሥራ የምትመራው በቀለች ናት። ዕቃ ቤቶቹ ቁልፋቸው ሁሉ አንገቷ ላይ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ለሥራው አዲስ ለሆኑት ሴቶች የጾሙን ድስት ከፍስኩ መለየት ማስተማር ሆነ፤ ጴንጤዋ ናዝሬት ሳትቀር አሁን ድስት በመልኩ ታውቃለች። እፀገነት የራሷን ተራ አንድም ጊዜ አልቀረችም። ስትመጣ ጋውን አትለብስም፤ ያ ሥራ ስላልሆነ።

ጥቅምት ላይ በሰፈሩ እድር ሰው አልሞተም። ሴቶቹ ሁለቱን ድንኳኖች አዳራሹ ሜዳ ላይ ዘርግተው ሦስት ቀን አጠቡ፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ ለቀቀ፤ ልጆች በላዩ ላይ ሊንሸራተቱ መጥተው ተባረሩ። አቶ ሁንዴሳ የወሩን ክፍያ ራሳቸው ይዘው መጡ። እፀገነት ተቀበለች፤ ማፈር ነበር የፈራችው፣ አላፈረችም። ደስ አላት። ሙሉውን ደስ አላት።

በማግሥቱ ጠዋት በቀለች ደወለች። ድምጿ ይቆራረጣል።

«ልጄ፣ እማማ ማሚቴ… ሌሊት ሐኪም ቤት ወስደዋቸው ነበር። ቶሎ ነይ።»

እፀገነት ጎፋ ክሊኒኩ ውስጥ ነበረች። ታክሲ አልጠበቀችም፤ በጎፋ ቁልቁል በእግሯ ወረደች፣ ግማሽ መንገድ ላይ ባጃጅ አገኘች። መንገዱን ሙሉ እማማን ከልጇ ጋር ታያቸው ነበር፤ ልጇ ጀርባቸው ላይ ተኝቶ፣ እሳቸው በረንዳው ላይ እየተንጎራደዱ። ድንኳን አልታያትም። ሰሃን አልታያትም። ይህን ያስተዋለችው የእማማን በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ነው፤ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

በሩን በቀለች ከፈተችላት። እማማ ማሚቴ አልጋቸው ላይ ሁለት ትራስ ተደግፈው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ በትልቅ ኩባያ አጥሚት ይጠጣሉ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ዓይናቸው ግን እንደወትሮው ነገር ይፈልጋል።

«ደም ግፊት ነው ይላሉ» አሉ። «ምነው እንዲህ ሮጥሽ? ሰሃኑ አይሸሽም።»

እፀገነት ሳቀችም አለቀሰችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግራቸውን በጋቢው ላይ ያዘችው።

«ይኑሩልኝ እማማ» አለች። «የዚህ ወር እኮ ተከፍሏል።»

«እንግዲያው የሚቀጥለውንም ልኑርልሽ» አሉ እማማ ማሚቴ፤ ባዶውን ኩባያ ዘረጉላት።

በቀለች ልትቀበል እጇን ሰነዘረች። እፀገነት ቀደመቻት። ጋውኗን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለች፣ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ነጠላ ወገቧ ላይ አስራ ኩባያውን ይዛ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣች። ውኃ ነበር። አጠበችው፣ አለቀለቀችው፣ አድርቃም መለሰችላቸው።